የአሚራ ሻሽ

አሰላ ውስጥ የቴሌቪዥን ምስል ከእኔ በላይ የሚያስተካክል ካለ ይምጣና እንተያይ። ኢርሻድ እባላለሁ። ሰው ሁሉ ቴሌቪዥኑን ከሱቅ እንዳወጣው፣ ቀለሙ እንደጮኸ ይተወዋል። የኳስ ሜዳው ሳር ቀለም የተደፋበት ይመስላል። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ ደሜ ይፈላል።

ለሊሳ ለእናቱ ለእማማ ፋጡ ግድግዳውን የሚያህል ቴሌቪዥን ከነድምፅ ማጉያው ገዝቶ ጠራኝ። እሳቸው የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የልጃቸውን የአሚራን የሰርግ ቪዲዮ ማየት። አሚራ አምና በወሊድ ሞታለች። ስትስቅ የምትታየው እዚያ ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው።

መፈተሻ ምስሎቼን ከፍላሽ ከፍቼ ጥቁሩን ጥቁር፣ ነጩን ነጭ አደረግኩት። እንከን አልነበረውም። ቪዲዮውን ከፈትን፤ ሙሽራዋ ብቅ አለች። እማማ ፋጡ ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብለው አዩና፣ «ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም» አሉ።

ተናደድኩ፤ ምን እዋሻለሁ። «እማማ፣ ቴሌቪዥኑ ልክ ነው። ፊቷን ያነጣው ቪዲዮ አንሺው ነው» አልኳቸው።

«አሚራ ጠይም ናት» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

ልክ መሆኔ ለእሳቸው ምን ይረባቸዋል? እኔ ደግሞ አሚራን በአካል አይቻት አላውቅም፤ ጠይምነቷን በምን ልለካው? ቪዲዮውን አቁሜ አየሁት። ሙሽራዋ ሮዝ ሻሽ አስራለች።

«ይሄ ሻሽ አለ?»

«ሮዝ አይደለም፤ ወይን ጠጅ ነው» ብለው ጓዳ ገቡ። ተጣጥፎ እንደተቀመጠ አመጡት። ከሞተች ወዲህ ሰው እንዲነካው እንኳ ፈቅደው እንደማያውቁ ለሊሳ በጆሮዬ ነገረኝ።

ሰርጉ ኦጎልቾ ከተማ፣ ግቢ ውስጥ፣ በቀን የተቀረፀ ነው። ሻሹም የቀን ብርሃን እንዲያገኝ መጋረጃውን ገለጥኩና ለሊሳ ሻሹን ከስክሪኑ ጎን ዘርግቶ እንዲይዝልኝ አደረግኩ። ብርሃኑን ቀነስኩ፤ ሰማያዊውን አወረድኩ፤ ቀዩን በትንሽ በትንሹ ጨመርኩ። ፊቷን አላየሁም፤ ዓይኔ ሻሹ ላይ ብቻ ነበር። ሁለቱ ሻሾች አንድ ሲሆኑ ከኋላዬ የእማማ ፋጡን ድምፅ ሰማሁ።

«ኢሼዳ» አሉ። እሷ ናት ማለታቸው ነው። ቀና ስል አሚራ ጠይማለች።

«ኳስ ሳይስ በዚሁ ቀለም ነው?» አለ ለሊሳ።

«ለኳሱ ሌላ ማስተካከያ አለልህ። ይሄን እንዳትነካ» ብዬ የአሚራን ቀለም ቴሌቪዥኑ ላይ ለብቻው መዘገብኩት።

ሻሹን ላጣጥፈው ስል እማማ ፋጡ ተቀበሉኝ። አላጣጠፉትም። ከለበሱት ሻርፕ ላይ ደርበው ጣል አደረጉትና ከልጃቸው ፊት ለፊት ተቀመጡ።