ማጅራቱን ብቻ የሰጠ ሰው

የፀጉር ቤቱ በር ሲከፈት እማማ ሊያኦ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል፤ ጭንቅላታቸው ላይ አረፋው እንደ ጥጥ ተቆልሏል። ሱቼን አስሩንም ጣቶቿን ከአረፋው ሳታወጣ ዞር አለች። ካሜራ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ወጣት ሴት የተጠቀለለ ወረቀት ታቅፋ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

"ይቅርታ እትዬ፣ ፔይሻን እባላለሁ፤ ፎቶግራፍ አንሺ ነኝ። ከቤተ መቅደሱ ጀርባ፣ አሮጌው የሩዝ መጋዘን ውስጥ የፎቶ ኤግዚቢሽን ከፍተናል። ይቺን መስታወቱ ጥግ ቢለጥፉልኝ ብዬ ነው። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅዎት..." እማማ ሊያኦን አየችና ጥያቄዋን አቋረጠች።

"የምን ፎቶ ነው?" አሉ እማማ ሊያኦ፣ ሻምፖ እንዳይገባባቸው ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

"ከኤች አይ ቪ ጋር የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። ወንድ የሚወዱ ወንዶችም አሉ፣ ሴት የሚወዱ ሴቶችም። ሲያበስሉ፣ ሲሠሩ፣ ሲስቁ ያነሳኋቸው።"

"እሱስ ምኑ ይለጠፋል? በሽታ እቤት ውስጥ ይቀመጣል እንጂ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል እንዴ? በይ ሱቼን፣ እሺው ጭንቅላቴን፣ ቀዘቀዘኝ።"

ፔይሻን ወረቀቱን መደርደሪያው ላይ አስቀምጣ፣ እጅ ነስታ ወጣች። ወረቀቱ በራሱ ጊዜ ተፈታና ግማሹ ታየ፤ የአንድ ወንድ ማጅራት፣ በላዩም የሌላ ወንድ እጅ።

ሱቼን በዚህች የታይናን ከተማ ጠባብ መንገድ ሠላሳ አንድ ዓመት ፀጉር ቆርጣለች። የደንበኛ ስም ትረሳለች፤ ማጅራት ግን አትረሳም። ይሄኛው ደግሞ አናቱ ላይ ሁለት አዙሪት አለው፤ የግራው መቀስ አይገዛውም። ከጆሮው ሥር በዘጠኝ ዓመቱ ከብስክሌት ወድቆ ያተረፈው ጠባሳ አለ። ከፀጉሩ መስመር በታች ደግሞ ምላጭ ያልነካው ስስ ፀጉር። ከሷ ሱቅ ማንም ማጅራቱን በምላጭ ሳይላጭ አይወጣም፣ ከአንድ ሰው በስተቀር። እሱም ልጇ ቲንግ ነው።

"ምን ሆንሽ? እጅሽ ቆመ እኮ" አሉ እማማ ሊያኦ።

"ምንም። ፀጉርዎ ተቋጥሮብኝ ነው።"

ዋሸች። ቲንግ ወንድ መውደዱን እንኳ ታውቃለች፤ ገና ተማሪ ሳለ ነው የገባት፤ አንድ ቀን የሚወደውን ይዞ ይመጣል ብላ ትጠብቅ ነበር። ያስደነገጣት በሽታው ነው። ልጄ ታሟል? እስከ መቼ ነው የሚኖረው? ለምንስ ደበቀኝ?

ለምን እንደደበቃት ግን ጠፍቷት አይደለም። የዛሬ አራት ዓመት የሸንኮራ ጭማቂ የሚሸጠው ሰው ቫይረሱ አለበት ተብሎ በሰፈሩ ተወራ። በዚያው ሳምንት ፀጉሩን ሊቆረጥ መጣ። እንደወጣ ሱቼን ፎጣውን ጣለች፣ ወንበሩን በበረኪና አጠበች፤ ሱቁ ሙሉ ሰው እየሰማ "ሁለተኛ እንዲህ ያለ ሰው ደጄን እንዳይረግጥ" አለች። ቲንግ አግዳሚው ላይ ፓፓያ እየበላ ነበር። በሚቀጥለው ወር ሲመጣ "እማዬ፣ ምላጩ ያሳክከኛል፣ በቶንዶስ ብቻ ጨርሺው" አላት። ካውሲዩንግ ከተማ ሥራ ይዞ ተቀናጣ ብላ ሳቀችበት፤ ምላጭ ቆርጦት እንዳይደማ መጠንቀቁ አሁን ነው የገባት። የእግር ወለምታ በቅቤ ይታሻል፤ የአፍ ወለምታ በምን ይታሻል?

እማማ ሊያኦን አጥባ፣ አድርቃ፣ እንደወትሮው ፀጉራቸውን ቁልል አድርጋ ሸኘቻቸው። ከዚያ በጠራራ ቀን ሱቋን ዘጋች፤ ይህን አድርጋ አታውቅም።

መጋዘኑ ውስጥ ትልልቅ ማራገቢያዎች ይዞራሉ። ሁለት ሴቶች አንድ ውሻ መሐላቸው አስተኝተው የሚስቁበት ፎቶ አለ። ሽበታም ሽማግሌ ዓሣ ይሰነጥቃል። መጨረሻ ላይ የቲንግ ማጅራት በር አክሎ ተሰቅሏል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበበችው። "ሠላሳ ዓመቴ ነው። በቀን አንድ ኪኒን እውጣለሁ። ምርመራው ደሜ ውስጥ ቫይረሱን አያገኘውም፤ ለምወደው ሰውም አይተላለፍም። አንገቴ ላይ ያለው እጅ የእሱ ነው።"

አይሞትም ማለት ነው። እፎይ አለች፤ ወዲያው ደግሞ እንደ አዲስ ተማሪ ያልገባትን ሁሉ መጠየቅ አማራት።

"መጡልኝ?" አለች ፔይሻን ከኋላዋ፣ መደነቋን ሳትደብቅ።

"ይሄ እውነት ነው? አይተላለፍም የሚለው?"

"እውነት ነው። መድኃኒቱን በየቀኑ ወስዶ ምርመራው ቫይረሱን ካላገኘው፣ ለሚያፈቅረው ሰው አይተላለፍም።"

"እሺ፣ ምላጭስ? እኔ እኮ ማጅራት ነው የምላጨው። አንዳንዴ ይቆርጣል።"

"አንዱን ምላጭ ለሁለት ሰው ይጠቀማሉ?"

"በሕይወቴ አድርጌው አላውቅም" አለች ሱቼን ተቆጥታ። "ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ነው።"

"ታዲያ ምኑን ነው የፈሩት?"

ሱቼን አራት ዓመት ሙሉ ይህን ጥያቄ ራሷን ጠይቃ አታውቅም ነበር።

"ማነው?" አለች እንደማታውቅ ሆና፣ ወደ ፎቶው በአገጯ እያመለከተች።

"እሱን አልናገርም፣ እትዬ። ቃል ገብቻለሁ።"

"ልጄ እኮ ነው" የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ዋጠችው። አንድ ጊዜ በአፏ ጎድታዋለች፤ አሁን ደግሞ ምስጢሩ በዚያው አፍ ሊወጣ ነው? በሌላ በኩል ዞራ ጠየቀች።

"ሌሎቹ ፊታቸውን ሰጥተዋል። ይሄኛው ምነው?"

"'አንድ የምፈራው ሰው አለ፤ እሱ ባይኖር ዞሬ አሳይሽ ነበር' አለኝ።"

"ተቆጥቶ ነው ያለሽ?"

"ኧረ እየሳቀ። መብራቱን ሳስተካክል እንኳ 'ጥሩ አድርገሽ አንሺው፣ ይሄን ፀጉር የቆረጠው ሰው በታይናን አንደኛ ነው' አለኝ።"

ሱቼን ፊቷን ወደ ማራገቢያው አዞረች። ዕንባዋ መጣ፤ በሸሚዟ እጅጌ ጠረገችው። ፔይሻን አየቻት፣ ማጅራቱን አየች፣ መልሳ አየቻት።

"ጠዋት ምን ልትጠይቂኝ ነበር?" አለች ሱቼን።

"የጎረቤት ግድግዳ የሚባል አለን። 'እኔ ጋ ይምጡ' የሚሉ ሰዎችን በሥራ ልብሳቸው አነሳለሁ። የጥርስ ሐኪም አግኝቻለሁ፣ የውኃ ዋና አስተማሪም፣ የኑድል ምግብ ቤት ባለቤትም። ፀጉር አስተካካይ ግን እምቢ ብሎኛል፤ ሰባት ሱቅ ዞርኩ። እርስዎን ልጠይቅ ስል አሮጊቷን ፈራሁ።"

"እሳቸውን የማይፈራ የለም" አለች ሱቼን። ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም ነበር። "የት ልቀመጥ?"

ፔይሻን ነጭ ግድግዳ ፊት አስቀመጠቻት። ፈገግ ይበሉ ስትላት እምቢ አለች፤ ፈገግታ እንዲህ በትእዛዝ አይመጣላትም። ካሜራው አራት ጊዜ ጠቅ አለ።

"ከሥሩ 'ሁሉም ሰው በክብር ይስተናገዳል' ብዬ ልጻፍ?"

"እሱ የባንክ ማስታወቂያ ነው። ማንንም አይጠራም።"

"ታዲያ ምን ልበል?"

ሱቼን ቃሉን በልቧ ደጋግማ ሞከረችው። "እንዲህ በይ። 'ከአራት ዓመት በፊት ሱቄ ውስጥ ክፉ ነገር ተናግሬአለሁ። አጥፍቻለሁ። ቫይረሱ ያለበትንም የሌለበትንም ማጅራቱን በአዲስ ምላጭ እላጫለሁ።' ስሜን ሙሉውን ጻፊ፣ ሊን ሱቼን። የሱቁንም ስም።"

የፔይሻን እስክሪብቶ ቆመ። "የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያየዋል እኮ፣ እትዬ። ደንበኛ ሊሸሽዎት ይችላል።"

"ይሽሽ። እማማ ሊያኦ የዛሬ አርባ ዓመትም ያኔ ሱቁን ለያዘችው እናቴ ትቼሽ ሄድኩ ብለዋት ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ ይመጣሉ።" ወደ ቲንግ ፎቶ ዞረች። "እነዚህ ፎቶ የተነሱት ሰዎች ራሳቸው ይመጣሉ?"

"ቅዳሜ ሁሉም ይመጣሉ።"

ሱቼን ስልኳን ከሽርጧ ኪስ አወጣች፣ የቲንግን ስም አየች፣ ሳትደውል መልሳ ከተተችው። ካወቀች በኋላ መደወሉ ቀላል ነው፤ መናገሩ ግን የእሱ ፈንታ ነው።

"እንግዲያው ፎቶዬን የጎረቤት ግድግዳው ላይ አትስቀዪው" አለች። "በሩ ጋ አድርጊልኝ። ቅዳሜ የሚገባ ሰው ከሁሉ በፊት እኔን እንዲያይ።"