የጋሽ ምርኩዝ ጸሎት

ልብስ ሰፊውን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ምእመናኑ ሁሉ «ጋሽ ምርኩዝ» ይሏቸዋል። የወደቀ ክርስቲያን ደግፎ በማንሳት የሚስተካከላቸው የለም። የቆመ ሰው ግን ብዙም አይጥማቸው። ደግፈው ያነሱት አንድ ሹፌር ከመጠጥ ተላቆ ቀና ብሎ መሄድ ሲጀምር ሰላምታቸው ሳይቀር ቀዘቀዘ። ሲደውልላቸው «ሥራ ይዣለሁ» ይሉታል፤ የስፌት መኪናቸው ድምፅ ግን አይሰማም።

ሹፌሩ ይህን ልብ አላለም። ልብ ቢልማ ኖሮ ያን ቀን እግሩ ወደ ሱቃቸው ባልወሰደው ነበር። ጭነት አድርሶ ሲመለስ የድሮ ጓደኞቹ አግባብተውት ጠጥቷል። ሚስቱ ደግሞ ቁርጡን ከነገረችው ቆይታለች፤ አንዴ ቢደግመው ልጇን ይዛ ትሄዳለች። ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት።

«ለማንም እንዳይነግሩብኝ፣ ጋሼ» አለ፣ የጨርቅ ቁርጥራጭ መሀል ተቀምጦ እያለቀሰ።

ጋሽ ምርኩዝ መርፌያቸውን ሰክተው አቀፉት። ፊታቸው ከስንት ጊዜ በኋላ ፈካ። «ከእኔ፣ ከአንተና ከጌታ አያልፍም» አሉት። ቀሎት ወጣ፣ ምስኪን።

በዚያው ሳምንት የጸሎት ቡድኑ ተራ የደረሰው ሹፌሩ ቤት ነበር። ወንበር ከጎረቤት ተለቀመ። ሚስቱ ልጇን አቅፋ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። ሁሉም ዓይኑን ጨፈነ፤ ጋሽ ምርኩዝ ጀመሩ።

«አባት ሆይ፣ ስለዚህ ቤት እናመሰግንሃለን።»

«አሜን» አለች ሚስቱ። የሹፌሩ ጆሮ እሷ ላይ ነው።

«ስለ አባወራውም እናመሰግንሃለን።»

«አሜን።»

«ጠላት ግን አላንቀላፋም፣ ጌታ ሆይ።»

ሹፌሩ ማሳል አማረው፣ መነሳት አማረው። ግን በጸሎት መሀል ማን ይነሳል?

«አሜን» አለች ሚስቱ፣ ቀስ ብላ።

«ልጅህ መንገድ ላይ ወደ መጠጡ ተመልሷል። በእንባ ነግሮኛል። አንሳው!»

«አሜን፣ አንሳው!» አሉ ሰዎቹ በአንድ አፍ። የእሷ ድምፅ የለበትም።

ጋሽ ምርኩዝ ምን ገዷቸው። ለሚስትየዋ ትዕግሥት ለመኑ፣ ለልጅቱ ጥበቃ ለመኑ፤ ድምፃቸው እያማረ ሄደ። ዓይን ሲገለጥ ከበሩ አጠገብ ያለው ወንበር ባዶ ነው፤ ከመኝታ ቤት የቁም ሳጥን በር ሲከፈት ሲዘጋ ይሰማል። እንግዶቹ ወንበር ለመመለስ ተሽቀዳደሙ።

«ለማንም አልናገርም ብለውኝ ነበር እኮ» አለ ሹፌሩ።

«ለማን ተናገርኩ?» አሉ ጋሽ ምርኩዝ፣ ከልባቸው ተገርመው። «የነገርኩት ለጌታ ነው።»

ሚስቱ ሻንጣዋንና ልጇን ይዛ ወጣች። ባሏን ቀና ብላ አላየችውም። ጋሽ ምርኩዝን ግን እጅ ነስታ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እርስዎ ባይኖሩ ማን ይነግረኝ ነበር» አለቻቸው።

«አይዞህ» አሉት ሽማግሌው ከሄደች በኋላ፣ ትከሻውን ቸብ ቸብ እያደረጉ። «እኔ እያለሁልህ? ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሱቅ ትመጣለህ፣ ከሥር እንጀምራለን።»

ሹፌሩ ጠላቸው። ከልቡ ጠላቸው። በነጋታውም ሌላ የሚሄድበት ሰው ስላልነበረው ሄደ።