የአባቴ እንጉዳይ

ዶክተር ሊበሬክት ቪናንድ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንጉዳይ ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ናቸው። በእኛ አውራጃ በላውዚትስ ጫካ ያልገቡበት ጥሻ የለም። የእንጉዳዩን ባርኔጣ ወረቀት ላይ ደፍተው ያሳድሩና፣ ጠዋት የረገፈውን ዱቄት በማጉያ መነጽር እያዩ ዘሩን ይለያሉ። እኔም ማንበብ የተማርኩት የእንጉዳይ ስም ከጻፉባቸው ሳጥኖቻቸው ላይ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም፤ አልፈለግሁምም።

የመንደራችን ሰው ጠርዙ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ አንድ ቡናማ እንጉዳይ ይወዳል። ሁለቴ ቀቅሎ፣ ውሃውን ደፍቶ፣ በክሬም ይበላዋል። ዶክተሩ ግን ይህ እንጉዳይ ስንት ዓመት በሰላም ተበልቶ አንድ ቀን ደም እንደሚመርዝ ደርሰውበታል። የሚሰማቸው የለም። የከተማው ሊቃውንት እንኳ የባልቴት ወሬ ነው ብለው አጣጥለውባቸዋል።

አባቴን፣ የቀለጠ መስታወት እየነፋ ጠርሙስ የሚሠራውን ትራውጎትን፣ ዘንድሮ ይቅርብህ ብዬ ለመንኩት። ሳቀብኝ።

«እናቴ ሰማንያ ዓመት በልታዋለች። የሞተችው ከደረጃ ወድቃ ነው፤ እንጉዳዩ ነው የገፈተራት በይው ለዶክተርሽ።»

ዶክተሩ ራሳቸው ቤታችን መጥተው ለመኑት። አረቄ ቀዳላቸውና እንጉዳዩ የገደለውን አንድ ሰው በስም እንዲጠሩለት ጠየቃቸው። የሚጠሩት አልነበራቸውም፤ የሞቱት ሁሉ በጉበት ሞቱ ተብለው ነው የተቀበሩት።

በጥቅምት አባቴ እንደ ልማዱ በላ። ቢጫ ሆነ፣ ደም ሸና፣ እሑድን ሳያይ ሞተ። የከተማው ሐኪም ሐሞት ነው አለ። ዶክተር ቪናንድ አስከሬኑ ይመርመር ቢሉ እናቴና ቄሱ ገላው አይነካም አሉ።

በእኛ አገር ከቀብር መልስ ሟቹ የሚወደው ምግብ ይቀርባል። አለመቅመስ ሟቹን መናቅ ነው። ጎረቤታችን ወይዘሮ አዴልጉንደ ድስት ይዘው ሲገቡ ሽታውን አወቅሁት።

ዶክተሩ ተነሱ። «እባካችሁ፣ ትራውጎትን የገደለው ይህ ነው» አሉ።

«ሻጋታ ሲያዩ ኖረው ጭንቅላትዎም ሻገተ እንዴ?» አላቸው አንዱ የአባቴ ባልደረባ። ሐዘን ቤቱ ሳቀ።

የእናቴን ሳህን ሳብኩ። መልሳ ነጠቀችኝ።

«አንቺ አባትሽን አዋርጂ፤ እኔ ባሌን አላዋርድም።»

ዶክተሩ ባርኔጣቸውን አንስተው ወጡ። በር ላይ ደረስኩባቸውና የእናቴስ ተራ መቼ ነው አልኳቸው።

«ዘንድሮ ይሆናል፣ ከርሞ ይሆናል። ምናልባት ጭራሽ አይሆንም። አላውቅም፣ ልጄ።»

ስመለስ እናቴ ሳህኑን በዳቦ እየጠረገች ነበር።