ነዳጅ በቀኝ እግር

«ጋሽ ፍሬን» የሚለውን ስም ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ፣ ተማሪው ገና ነዳጅ መስጠት ሲጀምር በእሳቸው በኩል ያለውን ፍሬን ይረግጡታል። እንግዲህ የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ስኬትቦርድ፣ ያንን ባለ አራት ጎማ ሰሌዳ፣ ላስተምር ብለው የተነሱት እኚህ ሰው ናቸው። ወይ ድፍረት!

ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ እንዲሉ፣ ልጅቷን ግቢው ሲሚንቶ ላይ አቁመው የመኪናውን ትምህርት አወረዱባት። «ግራ እግርሽ ሰሌዳው ላይ ይቀመጣል። በቀኝሽ መሬቱን ትገፊያለሽ። ነዳጅ የሚሰጠው በቀኝ ነው፣ አለቀ።»

ልጅቷ ገፋች፣ ወደቀች። አነሷት፣ አቧራዋን አራገፉላት፣ ጉልበቷን እፍ አሉላት። «አይዞሽ የኔ እመቤት፣ ግራ እግርሽን አስቀድሚ» አሏት። አሁንም ወደቀች። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ፤ ጉልበቷ ላይ ፕላስተር ያልተለጠፈበት ቦታ ጠፋ።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሰሌዳውን አልጋ ሥር ከተተችው። «አባባ፣ ለጎረቤት ልጅ ስጠው» አለች ቀስ ብላ። «እኔ እግሬ እምቢ ብሎኛል።»

ስንቱን ግትር ጎልማሳ መንጃ ፈቃድ ያስያዙ ሰው፣ አንዲት ፍሬ ልጅ እጃቸው ላይ ተስፋ ስትቆርጥ ምን ይበሉ?

ከሰዓት በኋላ እናቷ ኮሪደሩን በሳሙና እያጠበች ነበር። ልጅቷ በካልሲዋ ተንደርድራ መጣችና እርጥቡ ወለል ላይ ሸርተት አለች። እናቷ ተቆጣቻት። ማን ሊሰማ፣ ደገመችው። ጋሽ ፍሬን በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን ሲያስሩ ቀና አሉ። ሦስቴ ተንሸራተተች፣ ሦስቴም ከፊት የቀደመው ቀኝ እግሯ ነው።

«በሞትኩት» አሉ ግንባራቸውን መታ አድርገው። ሰሌዳውን ከአልጋ ሥር ጎትተው አወጡና ለልጅቷ ጫማዋን አጥልቀውላት ወደ ግቢው ይዘዋት ወጡ።

«ቀኝሽን አስቀድመሽ ቁሚ። በግራሽ ግፊ።»

«ነዳጅ በቀኝ ነው አላልክም?»

«እሱ ለመኪና ነው። አንቺን በግራ ነው የሚያመችሽ። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።» ይቺ ቃል በሠላሳ ዓመት አንድ ተማሪ ፊት እንኳ ከአፋቸው ወጥታ አታውቅም።

ልጅቷ በግራዋ ገፋች። ሰሌዳው ጸጥ ብሎ እስከ በሩ ወሰዳት፤ እዚያም ራሷ ወረደች። አዛውንቱ ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አንስተው ነበር፣ እሷ ግን አቀርቅራ እግሮቿን ታያለች።

«አባባ፣ እግሬ ጤነኛ ነው ማለት ነው?»

«ጤነኛ ነው እንጂ እናቴ፣ ምን ይሆናል?»

«እንግዲያው ለአስተማሪዬ ንገርልኝ። እግሬ አይሠራም ብዬ ከትምህርት ቤቱ የሩጫ ውድድር ስሜን አስወጥቼ ነበር።»

ጋሽ ፍሬን ሲሚንቶው ላይ ዝቅ ብለው ተቀመጡና ትንሿን እግር ከነጫማዋ አንስተው ሳሟት፤ ቀጥሎ ሌላኛዋን።