ሁለቱ ቢጫ ጎማዎች

አዲሶቹን ጎማዎች ያሰርኳቸው ዓርብ ጠዋት ነው። አራት ሰዓት ሳይሞላ ፎርክሊፍቷ ቆመች። ሞተሯ አልጠፋም፤ ባትሪዋም ሙሉ ነበር። የሚነዳት ትልቁ ጎማ በቦታው ይሽከረከራል፣ እሷ ግን ንቅንቅ አትልም።

«ጭቃ የለም፣ ዝናብ የለም፣ መኪና ግን ይዋኛል!» አለ ቢየል። ቢየል የጫኝና አውራጆቹ አለቃ ነው። ሲስቅ መጋዘኑ ሁሉ ይሰማዋል። ሰዎቹም አብረውት ሳቁ።

እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ጎማዎቹን የመረጥኩት እኔ ነኝ።

ትልቁ ጎማ መሐል ላይ ነው። በግራና በቀኙ ወደፈለጉበት የሚዞሩ ሁለት ትናንሽ ጎማዎች አሉ፤ እንዳትጋደል የሚደግፏት እነሱ ናቸው። የጆንያ ክር ጠላታቸው ነው። በየቀኑ ከመጋዘኑ ወለል ላይ እየለቀሙ ወደሚዞሩበት ኩሽኔታ ያስገቡታል፤ እኔም ማታ ማታ ከመውጣቴ በፊት በምላጭ እየቆረጥኩ አወጣለሁ። በመጋቢት ወባ ይዞኝ አሥራ ሁለት ቀን ስተኛ ግን እምቢ እስክትል ነዷት እንጂ ክሩን የቆረጠ ሰው አልነበረም። ስመለስ ክሩ ኩሽኔታውን ፈጭቶት፣ ጎማዎቹ መዞር ትተው እየተጎተቱ በአንድ ጎናቸው ተጠፍጥፈው አገኘኋቸው።

ባሮ ድልድይ አጠገብ ያለው ባለሱቅ ሙስጠፋ ከአዲስ አበባ ሦስት ዓይነት ጎማ አስመጣልኝ።

«ብረቱን ውሰድ ወንድሜ፤ የልጅ ልጅህ ይነዳበታል» አለኝ።

ብረት ሲሚንቶውን ይሰብራል። ለስላሳው ጎማ ደግሞ የፈሰሰ ዘይት ሲነካው ያብጣል፤ ጭነት ይዞ ካደረም ይጠፈጠፋል። ይህን ሁሉ በልቤ አልኩ እንጂ ከአፌ አልወጣም። ጠንካራዎቹን ሁለት ቢጫዎች በጣቴ አሳየሁት። አሮጌው ጎማ ጎን ላይ ያለውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር ሦስት ጊዜ አመሳክሬ ነበር። ልክ ነበር።

«ልክ ከሆነ ለምን አትሄድም?» አሉ የመጋዘኑ ኃላፊ አቶ በሪሁን።

ተንበርክኬ ቁጥሩን እንደገና አየሁት።

«በቃ። ከጅማ የመጣው መኪና ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባዶውን ይመለሳል። እሷን ጫኑለትና ይዟት ይሂድ። እዚያ ያለው መጋዘን አስጠግኖ ይጠቀምባት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ጸጋአብ፣ ያለ ማሽን ኦፕሬተር ማቆየት አልችልም። ይገባሃል አይደል?»

ገብቶኛል። ወደ አቦቦ፣ ወደ አባቴ የበቆሎ ማሳ መመለስ ነው። እዚያ ሌሎች አምስት ወንድሞች አሉኝ፤ መሬቱ ግን ያው አባቴ በሰፈራ ሲመጣ የተሰጠው ነው፣ አልጨመረም።

ስድስት ሰዓት ላይ እንደ ጋምቤላ ደንብ ሙቀቱን ሽሽት ሰዉ ወደ ቤቱ፣ የቢየል ሰዎች ደግሞ ወደ ግቢው ማንጎ ጥላ ሄዱ። አቶ በሪሁን በሩን ሊቆልፉ ሲሉ ቁልፉን ስጡኝ ማለት ፈለግሁ። ከአፌ የወጣው ሌላ ነው።

«ምሳዬን... እዚህ ልብላ?»

«በዚህ ቆርቆሮ ሥር?» አሉና ቁልፉን ሰጡኝ።

ምሳ አልያዝኩም ነበር። ገባሁ፣ ወጣሁ፣ እንደገና ገባሁ። ፎርክሊፍቷን ሦስት ጊዜ ዞርኳት። መጨረሻ ላይ ሲሚንቶው ላይ ተኛሁና ከጆንያ የወደቀ ወረቀት በትልቁ ጎማ ሥር ሰደድኩ። ወረቀቱ ምንም ሳይዘው በወዲያኛው በኩል ወጣ።

ትልቁ ጎማ መሬት አልነካም!

እሱም ለካ ባለፉት ዓመታት አልቋል። ትንሾቹን ብቻ አዲስ ሳደርጋቸው ቁመታቸው በለጠው፤ ማሽኗ በእነሱ ላይ ቆማ እሱን አንጠለጠለችው። ትንሾቹ በሚታሰሩበት ቦታ ግን በየቡሎኑ ወደ ታች የሚገፋቸው ሁለት ሁለት ወፍራም የብረት ቀለበት፣ ሮንዴላ፣ አለ፤ ጠዋት እንዳገኘሁት መልሼ ያስገባሁት ራሴ ነኝ። ከየቡሎኑ አንድ አንድ ባወጣ ትንሾቹ ከፍ ይላሉ፣ ትልቁ መሬት ይይዛል።

ይህን ለማድረግ የሚያነሳት ሰው ያስፈልጋል። ማንሻ ክሪክ የለንም። ያሉት ውጭ ማንጎው ሥር የተኙት የቢየል ሰዎች ናቸው።

አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ። ቢየል አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ዝምተኛው፣ ፀሐይ ከለከልከኝ?»

«ታነሱልኛላችሁ? ለጥቂት ደቂቃ።»

«እሷ ከሄደ እኛ እንሸከማለን። ሥራ ለእኛ ይበዛል፣ ብርም ይበዛል። ለምን አነሳለሁ?»

እውነቱን ነው። እግሬ ሊመለስ ሲል አፌ ቀደመው፦ «እሷ ከሄደች እኔም እሄዳለሁ።»

«ወዴት?»

«አቦቦ።»

ቢየል ተነስቶ ተቀመጠ። ከጎኑ የተኛው አጓ ነው የተናገረው፦ «የዘይት ካርቶን አራተኛ ድርብ ላይ ማን ይሰቅላል? ይሄ ልጅ ወባ ይዞት በተኛ ጊዜ እኔ ነበርኩ። ያጠርኩት ያኔ ነው።»

«አንተ ድሮም አጭር ነህ!» አለ ቢየል። ግን ተነሳ።

በብረት የውኃ ቱቦ ፈልቅቀው በግራ በኩል አነሷት፣ እንጨት ደገፍንባት። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ አራቱን የቡሎን ዳዶ ፈታሁ፣ አንድ አንድ ሮንዴላ አወጣሁ፣ መልሼ አሰርኩ። የቀኙን ስንጀምር አንዱ ዳዶ እምቢ አለ። ውጭ የጅማው መኪና ጥሩምባ ነፋ።

«አንዱ ጎን ይበቃል፣ ይሄዳል» አለ አጓ።

«አይበቃም፤ ጭነት ስትይዝ ትጋደላለች» አልኩ፤ ጮኼ ኖሮ ሁሉም ዞር አሉ። ቢየል የዳዶ መፍቻውን ከእጄ ወስዶ በሙሉ ክብደቱ ተጫነው። ዳዶው ሲጢጥ ብሎ ለቀቀ።

አቶ በሪሁን ሲገቡ ሙሉ የዘይት ፓሌት አንስቼ ነበር። «ወደ መጫኛው መወጣጫ» አሉ ብቻ። ትልቁ ጎማ አንዴ ተንሸራተተ። ከዚያ ያዘ። ወጣች።

«ምን ነበር?»

«ስህተቱ የእኔ ነው። ትንሾቹን ብቻ ለካሁ፤ ትልቁም አልቋል።»

«እና ይበልጥ ሲያልቅስ?»

«በየቡሎኑ አንድ ሮንዴላ ቀርቷል። ከዚያ ወዲያ የለም። ትልቁ ጎማ አሁኑኑ ይታዘዝ። ዝናቡ የፑኝዶን መንገድ ሳይቆርጠው የስደተኞቹን እህል መጫን አለብን።»

ይህን ያህል ተናግሬ አላውቅም። አቶ በሪሁን ለሾፌሩ በእጃቸው ምልክት ሰጡት፤ የጅማው መኪና ባዶውን ወጣ። ከዚያ ወረቀት አቀበሉኝ።

«ቁጥሩን ጻፍልኝ።»

ማሽኗ ሥር ተመልሼ ገባሁ። የትልቁን ጎማ ጎን በጨርቅ ጠረግሁ። ቁጥሩ ተፍቆ ጠፍቷል። በክር ለካሁትና ጻፍኩ፤ አላመንኩትም። ያለቀውን ያህል ስንት ልጨምርለት? እንደገና ለካሁ። ከበሩ በኩል ቢየል «የሚጫን መኪና ቆሟል፣ ና!» ይላል። ክሩን ለሦስተኛ ጊዜ ዘረጋሁ።