ማንም ምንም ያልነገረው ሰው

ጸሐፊው ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። ሆኖም ዶክተሩ ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ የሚመልሰውን ውል ሁሉ ሲተይብ አሥራ ሁለት ዓመት ሞላው። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን፣ ደንበኛ በተሰበሰበበት፣ "ዶክተር፣ አቅራቢው 'ሲሪየስ' ይሁን ከሚሉ 'የሚታመን' ቢሉት አይሻልም?" ብሎ ነበር። ዶክተሩ ቀና እንኳ ሳይል፣ "አንተ የተቀጠርከው በጣትህ ነው፤ ጭንቅላትህን ቤት ትተኸው ና" አለው። ሰው ሳቀ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ከዚያ ወዲህ የተጻፈለትን ብቻ ይተይባል፤ ስህተቱንም ከነነጥቡ።

ዶክተሩ የራሱ አሠራር ነበረው። ፈረንሳዮች ውል ላይ የሚበትኗቸው ቅጽሎች ሲያስቸግሩት፣ ቃሉን ለሚያውቀው ሰው እንደ ኮት ያለብሰዋል። ከጠበበ ወይ ከሰፋ ሌላ ይሞክራል። ሙከራው በእርሳስ፣ ትርጉሙ በእስክሪብቶ ነው፤ ጸሐፊው የእስክሪብቶውን ብቻ ይተይባል።

ያን ዕለት ግን እርሳሱ ጠፋና ሁሉንም በእስክሪብቶ ሞነጫጨረው። አራት ሰዓት ላይ የሚፈረም የፓምፕ ግዢ ውል ነው። ወረቀቱን ወርውሮለት ወደ ስብሰባው ክፍል ገባ።

አንቀጽ ሦስት፦ "አቅራቢው የሚታመን ይሁን። ሲሪየስማ፣ ኮስታራማ፣ እትዬም ናት፤ ግን አንድ ቀን በቀጠሮዋ ተገኝታ አታውቅም።" እትዬ የቢሮው ባለቤት ናት። "የሚታመን" የምትለዋ ቃል ደግሞ የማን እንደሆነች ጸሐፊው ያውቃል።

አንቀጽ ሰባት፦ "'ኢምፖርታንት' መዘግየት ሲል አስፈላጊ ማለቱ አይደለም። የመጠን ጉዳይ ነው፤ እንደ ገዢው ቦርጭ።" ገዢው ከግድግዳው ማዶ ወንበሩን ሞልቶ ተቀምጧል።

የጸሐፊው ልብ ቅቤ ጠጣ። "እኔ እንደሆንኩ ጭንቅላቴን ቤት ትቼዋለሁ" አለና አንዲት ነጥብ ሳያስቀር ተየበው።

አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ጣቶቹ ቆሙ። "ዕቃውን 'አቬርቲ' የሆነ ባለሙያ ይመርምረው። መዝገበ ቃላቱ 'የተነገረው' ይላል፤ አይደለም። እንደ ጸሐፊያችን ያለ ነው፤ ማንም ምንም ሳይነግረው ሁሉን የሚያውቅ።"

ሦስቴ አነበበው። ስድቡ የት እንዳለ ፈለገ፤ አጣው። ሁሉንም ቢተወው ዶክተሩ ዛሬውኑ ይባረራል፤ በዕድሜው ስለሱ ደግ የጻፈ ብቸኛ ሰው አብሮ መሄዱ ነው። ሁሉንም ቢያጠፋው ደግሞ ያቺን ደግ ቃል ማንም ሳያያት ልትቀር ነው። እትዬን አጠፋ። ቦርጩን እያዘነ አጠፋ። የራሱ ጋ ሲደርስ ግን እጁ እምቢ አለው።

የሻጩ ጠበቃ ውሉን ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር። አሥራ አራት ላይ ሲደርስ ዶክተሩ አመድ መሰለ።

"የማን ጸሐፊ ነው?" አለ ገዢው።

"የኛው ነው" አለ ዶክተሩ።

"እውነት ሁሉን ያውቃል?"

ዶክተሩ ምን ይበል? "ያውቃል" አለ።

"እኛ ተስማምተናል" አለ ሻጩ ወደ ገዢው ዞሮ። "የሚስትህ ወንድም ከሚመረምረን እሱ ይሻለናል።"

ተፈራረሙ።

ዶክተሩ ጸሐፊውን ኮሪደር ላይ ያዘው። "ለምን አላጠፋኸውም?"

"እኔ ጣት ነኝ፤ የተጻፈልኝን ነው የምተይበው።"

"እኔ ሌላም ጽፌ ነበር። እሱን ማን አጠፋው?"

ጸሐፊው ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

"ለመሆኑ ስለ ፓምፕ የምታውቀው ነገር አለ?"

"ማን ነግሮኝ?"

በሳምንቱ ጸሐፊው መጋዘን ሄዶ ሦስት መቶ ካርቶን አስከፈተ። ፓምፕ በምን ጎኑ ውሃ እንደሚጠጣ አያውቅም፤ የሚያውቀው ከወረቀት ጋር ማመሳከር ነው። ውሉን ይዞ የእያንዳንዱን ማሽን መለያ ፊደል በፊደል አነበበ። የስድሳው መለያ ውሉ ላይ ካለው በአንድ ቁጥር ይለያል።

"አንዲት ቁጥር እኮ ናት፣ ጋሼ" አለ የሻጩ ሰው። "በእናትህ ፈርምልኝ።"

"አልፈርምም። ዶክተሩን ጥሩልኝ፤ ሪፖርቱን ይጻፍልኝ።"

ዶክተሩ እያላበው መጣ። መለያዎቹን አየ፤ የሻጩን ሰው ፊት አየ፤ እስክሪብቶውን አወጣ። ጸሐፊው ካርቶን ላይ ተቀምጦ ይናገራል፤ እሱ ቆሞ ይጽፋል።

"'ከባድ ልዩነት ተገኝቷል' ልበለው?" አለ ዶክተሩ።

"ልዩነት ይበቃል" አለ ጸሐፊው። "ቅጽሉን ይተዉት፣ ዶክተር።"