ከኋላዋ የቆመችው

እህትማማቾቹን ቡድኑ ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። ታላቂቱ በር ላይ ጎንበስ ሳትል ስለማትገባ ቀጭኔ፣ ታናሿ አንድ ቦታ ረግቶ መቆም ስለማይሆንላት ፌንጣ ነበሩ። ባድሜንተን ጥንድ ሆነው መጫወት ከጀመሩ አሥራ አንድ ዓመታቸው ነው። ፌንጣ መረቡ ሥር ትንጣጣለች፤ ቀጭኔ ከኋላዋ ቆማ ከላይ የመጣውን ሁሉ ቁልቁል ታወርደዋለች። ፊት የቆመ ሰው ወደ ኋላ አይዞርም፤ ዞሮ እስኪመለስ ባለ ላባዋ ኳስ አፍንጫው ላይ ነች። ስለዚህ ፌንጣ እህቷን የምታያት በጆሮዋ ነበር። "ልቀቂው!" ስትላት ትለቃለች፤ "ያንቺ!" ስትላት ትዘላለች።

በዚያ ዓመት የውድድሩ ወቅት ሲከፈት ስድስት ከተማ ሊዞሩ ሻንጣቸውን ሸክፈው ተነሡ። በመጀመሪያው ከተማ፣ በሁለተኛው ግጥሚያ፣ ፌንጣ ከኋላዋ ወፍራም ገመድ የተበጠሰ የመሰለ ድምፅ ሰማች። ዕድሜ ልኳን ያላደረገችውን አደረገች፤ በጨዋታ መሃል ዞረች። ቀጭኔ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ተረከዟን ይዛለች።

"ማነው የመታኝ?" አለች።

የመታት ሰው አልነበረም። የተረከዟ ጅማት ነው የተበጠሰው።

ሐኪሙ "ዘንድሮ አትጫወችም" አላት። ሠላሳ አራት ዓመት ለሞላት ተጫዋች "ዘንድሮ" ምን ማለት እንደሆነ ለሁለቱም ገብቷቸዋል። ቀጭኔ በክራንች ወደ ቤቷ ተመለሰች። አሰልጣኙም ፌንጣን ከአንዲት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ጋር አጣመሯት። ልጅቱ ክንዷ ጅራፍ ነው፤ ከሰው ጋር ግን አታወራም። ፌንጣ በሁለተኛው ቀን "ዝም አይነቅዝም" አለቻት። ቡድኑ ሳቀ፣ ስሙም ጸና።

በሁለተኛው ከተማ ገና በመጀመሪያው ዙር ተሸነፉ። በሦስተኛውም እንደዚያው። ፌንጣ በየሆቴሉ ባለ ሁለት አልጋ ክፍል ይደርሳታል። ባዶውን አልጋ ላለማየት ልብሷን ዘርግታ ትሞላዋለች። ጠዋት ጠዋት ግን ዓይኗን ሳትገልጥ "እታለም፣ ተነሺ እንጂ!" የሚል ቃል ያመልጣትና ከዚያ በኋላ ነው ትዝ የሚላት።

ስትደውል ቀጭኔ ስለ ጎረቤት ውሻ፣ ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ ታወራላታለች።

"ጨዋታውን አየሽው?"

"አየሁት እንጂ።"

"ታዲያ ምን ታዘብሽ?"

"ቆይ፣ ስልኩ ይቆራረጣል..." ትልና ትዘጋዋለች።

በአራተኛው ከተማ፣ ወሳኝ ነጥብ ላይ፣ ኳሷ በሁለቱ መሃል ዱብ አለች። ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው አዩአት። ልብስ መቀየሪያው ክፍል እንደገቡ ፌንጣ ገነፈለች።

"አንቺ አፍ የለሽም? ምናለ ብትጠሪኝ!"

ልጅቱ የጫማዋን ክር እየፈታች ቀና ሳትል መለሰች። "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እጠራሻለሁ። እንዲያውም ስጮህ ዳኛው ሳይቀር ዞሮ ያየኛል። አንቺ ግን የእሷን ድምፅ ስለምትጠብቂ የኔን አትሰሚውም።"

ፌንጣ ፎጣዋን ይዛ ወጣችና ኮሪደሩ ላይ ቆማ ደወለች።

"እታለም፣ እውነቱን ንገሪኝ። ጨዋታዬን ታዪዋለሽ?"

ቀጭኔ እንደ ሌላው ጊዜ ስልኩን አልዘጋችም። "አንዱንም አላየሁም። ሰዓቱ ሲደርስ ቴሌቪዥኑን አጠፋና ልብስ አጥባለሁ። የታጠበውንም ደግሜ አጥበዋለሁ። አንቺን ማየት አይደለም የከበደኝ። ከኋላሽ ሌላ ሰው ቆሞ ማየት ነው።"

ሁለቱም አለቀሱ። ቀድማ አፍንጫዋን የጠረገችው ቀጭኔ ናት።

"ለመሆኑ ልጅቷ እንዴት ናት?"

"ክንዷ ካንቺ ይበልጣል።"

"አፈር ብዪ!" ብላ ሳቀች። ቆይታም፣ "እንግዲያው ስሚያት" አለች።

አምስተኛው ከተማ ሲደርሱ ፌንጣ ልጅቱን ከቁርስ በፊት ሜዳ ይዛት ወረደች። "በራስሽ ቃል ጥሪኝ" አለቻት። የልጅቱ ቃል "ተይ!" እና "ሂጂ!" ሆነ፤ ቆጣ ያለ፣ አጭር። ያንን ሲለማመዱ ሰነበቱና ከመጨረሻዎቹ ስምንት ጥንዶች ገቡ። ያም ሆኖ ኳሷ በፌንጣ አናት ላይ አልፋ ወደ ኋላ ስትሄድ፣ ለቅጽበት ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር የቀድሞውን ድምፅ ይጠብቅ ነበር።

የመጨረሻው ውድድር የተካሄደው በገዛ ከተማቸው ነው። ቀጭኔ መጥታ ከላይኛው ረድፍ ተቀመጠች። ግማሽ ፍጻሜ ደርሰው በሦስተኛው ጨዋታ በሁለት ነጥብ ተሸነፉ። አዳራሹ ባዶ ሲሆን ቀጭኔ ደረጃውን ብረቱን ይዛ አንድ በአንድ ወረደች። ልጅቱ እጇን አጣምራ ቆመች።

"ደህና ነዎት?"

"አንቱ አትበዪኝ፣ ገና አልሸበትኩም። ይልቅ ስሚኝ፤ ከመምታትሽ በፊት ቀኝ ትከሻሽ ይናገርብሻል። ሦስት ጊዜ ምትሽን የመለሱብሽ እሱን አይተው ነው። ደብቂው።"

ልጅቱ ትከሻዋን ነካ አድርጋ፣ "እሺ" አለች። ፌንጣ ያን ጊዜ ነው የገባት፤ እህቷ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ዓይኗን ከልጅቱ ላይ አላነሣችም ነበር።

ከአዳራሹ ወጥተው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው ሲያዘግሙ ቀጭኔ ግንብ ተደግፋ አረፍ አለች።

"ጨዋታውን ልሰናበት ነው" አለች። "በስልክ ከምነግርሽ ብዬ ነው የመጣሁት።"

"አውቄዋለሁ" አለች ፌንጣ።

አውቶቡሱ ጢም ብሎ መጣ። አንድ ሰውዬ የቀጭኔን እግር አይቶ ተነሣላት። ፌንጣ ከላይ ያለውን ብረት ይዛ እህቷ አጠገብ ቆመች። ቀጭኔ ስለ ቧንቧ ሠሪው ቀልድ ጀምራ ራሷ ቀድማ ትስቃለች። ፌንጣም አብራት ሳቀች፤ እህቷ እዚያው፣ እጇ በሚደርስበት ቦታ ተቀምጣ እያለች፣ ናፈቀቻት።